መዳፍና የብር ጽዋ

ዳኒኤላ ጠርሙሱን ከእቴነሽ እጅ መንጭቃ የወሰደችው አሥራ አንድ እንግዳ በተቀመጠበት ማዕድ ፊት፣ ያውም በአባቷ በዘጠናኛ ዓመት የልደት ቀን ነው። እቴነሽ ምን አጠፋች ቢባል፣ ወይኑን ለባለ ልደቱ ከመቅዳቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ጥፋቷ ይኸው ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ የእህቷ ልጅ ሔራን፣ እዚያው ማዕድ ፊት፣ ያንኑ ወይን በአንገቷ ባንጠለጠለችው የብር ጽዋ ቀድታ ስትቀምስ ግን እንግዳው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚያያት፤ አንዲት ሴትዮማ አጨብጭባላታለች። እንግዲህ ፍረዱ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ነገሩን ከጠዋቱ ስሙት፤ እቴነሽ የምትጠላው ነገር ቢኖር ከመሃል የተጀመረ ወሬ ነው።

እሑድ የእረፍት ቀኗ ነው። በሌላው እሑድ ቢሆን ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ከዚያ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የሚባለው ሰፈር ከአገሯ ልጆች ጋር ሻይ ይዛ የሳምንቱን ወሬ ታወራለች። ይህን እሑድ ግን ዳኒኤላ፣ «በዓል ነው፤ አንቺ ደግሞ የቤቱ ሰው ነሽ» ስላለቻት ቀረች። የቤቱ ሰው የምትባለው ሥራ ሲኖር ብቻ መሆኑን ድሮ ነው ያወቀችው። ያም ሆኖ አልተከራከረችም። ማክሰኞ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጠሮ አላት፤ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደስበት ቀን ነው። ለዚያ ደግሞ በዚህ ቤት እንደምትሠራና እንደምትኖር የሚመሰክር፣ አሠሪዋ የፈረመችበት ደብዳቤ ያስፈልጋታል። አሠሪዋ ዳኒኤላ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ዶማኒ፣ ዶማኒ»፣ ነገ ነገ ስትላት ከርማ ዛሬ ጠዋት በስልክ፣ «ከምሳ በኋላ ጽፌ እፈርምልሻለሁ፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ?» አለቻት። ደብዳቤው ከሌለ ፔርሜሶ የለም፤ ፔርሜሶ ከሌለ አምስት ዓመት በጣልያን የለፋችበት ኑሮ አንድ ቀን አያድርም። ስለዚህ ንጋት ላይ ተነስታ ካርቾፊ የሚሉትን እሾሃም አትክልት ስትልጥ አረፈደች። ፍሬው ሁለት ዩሮ የገባ ነገር ነው፤ ከላዩ ላይ ግማሹ ይጣላል፤ ጭማቂው ጣት ያጠቁራል፤ በሎሚ ቢያሹትም በአንድ ቀን አይለቅም። ሃያውን ልጣ ስትጨርስ እጇ የከሰል ሻጭ እጅ መስሎ ነበር።

ቤቱ ኖሜንታና መንገድ ላይ አራተኛ ፎቅ ነው። ክፍሎቹ ሰፋፊዎች፣ ጣሪያቸው ረጅም፣ ወለሉ ሲረገጥ የሚጮህ እንጨት። የእቴነሽ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ ድሮ ዱቄትና ዘይት ይቀመጥባት የነበረች ጓዳ ናት፤ አልጋውና የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ተጠጋግተው ሲቆሙ ለሰው የሚተርፈው በጎን የሚያልፉበት ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት ሲኞር ሩጄሮ ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ ግማሹ ቃላቸው እዚያው ቀረ። ከሁሉ የባሰው ግን ምግብ አልቀምስም ማለታቸው ነበር። አንድ ነገር ጨምራችሁበታል እያሉ ማንኪያውን ይገፉታል። ዳኒኤላ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሐኪም አመጣች። መላውን ያገኘችው እቴነሽ ናት፤ መላውም የመጣው ከእናቷ ቤት ነው። እናቷ ደብረ ማርቆስ ላይ ስሟ የታወቀ ጠጅ ጣይ ነበረች። በዚያ ቤት አሳላፊ የሆነ ሰው ለእንግዳ ሲያቀርብ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ወግ ነው፤ የምሰጥህን እኔ ቀድሜ ቀምሼዋለሁ፣ ክፉ ነገር ካለበት በእኔ ይሁን ማለት ነው። እቴነሽም ሾርባውንም ውሃውንም በመዳፏ እየቀመሰች ብታሳያቸው፣ ሽማግሌው አዩ፣ አሰቡ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ያለዚያ አይውጡም። እንዲያውም ብርጭቆ ሲመጣ እሳቸው ቀድመው መዳፋቸውን ይዘረጉና እሷን ያያሉ፤ «አንቺስ ቀመስሽ?» ማለታቸው ነው። ዳኒኤላ ይህን አታውቅም። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ መጥታ ግንባራቸውን ስማ፣ ፍሪጁን ከፍታ አይታ የምትመለስ ልጅ ምኑን ታውቃለች።

ሔራን ረፋዱ ላይ ደረሰች፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ ያቺን የብር ጽዋ በሰንሰለት አንገቷ ላይ አድርጋ። የዳኒኤላ ባል አሌክስ የወይን መሸጫ ቤት አለው፤ ሔራን የምትሠራው እሱ ዘንድ ነው። የወይን አዋቂነት ተምራ ዲፕሎማ ይዛለች። እናቷ እንጀራ ፍለጋ ወደ ጣልያን ስትመጣ እስከ አሥር ዓመቷ ያሳደገቻት እቴነሽ ናት፤ በዚያው ጠጅ ቤት ውስጥ፣ በብርሌ መሃል። አሌክስ እንዲቀጥራት ያደረገችውም እቴነሽ ናት፤ ሲኞር ሩጄሮን ለምና፣ እሳቸው ደግሞ ለአማቻቸው በዚያች በተቆራረጠች አንደበታቸው «የሷ ልጅ ናት፣ የሷ ልጅ» ብለውላት። ልጅቱ ወጥ ቤት ገብታ «እቴቴ» ብላ አቀፈቻት፤ በልጅነቷም የምትጠራት እንዲህ ነው። ዳኒኤላ ስትገባ ግን ወደ ጣልያንኛ ዘለለችና አክስቷን «ሲኞራ» አለቻት። እቴነሽ ሰማች፤ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ወይኑ ስድስት ጠርሙስ ነው። ዳኒኤላ ስትወጣ ሔራን አንዱን አንስታ እንደ አራስ ልጅ በክንዷ ላይ አስተኝታ አሳየቻት። ከፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ከሚባል አገር የመጣ ነጭ ወይን ነው፤ አንድ ቤተሰብ አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ እያስረከበ የሚሠራው፤ በኦክ እንጨት በርሜል ዓመት ከስድስት ወር ይተኛል። አንዱ ጠርሙስ መቶ አርባ ዩሮ ነው። እቴነሽ ዋጋውን ሰምታ አልደነቃትም፤ የገረማት ሌላው ነው።

«ለመሆኑ የሚጥለው ማነው? አባትየው ነው እናትየዋ?»

ሔራን ሳቀች። «አሁን ልጅቱ ናት እቴቴ። አባቷ አርጅቷል።»

«ጎሽ» አለች እቴነሽ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ማዕድ ላይ ተከፍቶ፣ ሔራን በብር ጽዋዋ ቀምሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ስለ ቅቤና ስለ ለውዝ ተናግራ፣ ከተጨበጨበላት በኋላ አንድ የተረሳ ብርጭቆ ወጥ ቤት ተመለሰ። እቴነሽ ከማጠቧ በፊት አሸተተችው። እውነትም ቅቤ አለው፤ የተቆላ ለውዝ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የደረቀ እንጨት። ጠጅ የሚያውቅ አፍንጫ ወይን አይጠፋውም። አይታቸው የማታውቃቸውን እነዚያን ሰዎች «እጃችሁ ይባረክ» አለቻቸው በልቧ፤ የሰው ልፋት ያሸታል፣ እሷ እንደምታምነው።

ሁለተኛው ጠርሙስ የተከፈተው ጨዋታው ደርቶ፣ ሥጋው ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚያወራበት ሰዓት ነው። አሌክስ «ቶሎ፣ ቶሎ» ብሎ በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ ሔራን ቡሹን ነቅላ ዙሪያውን ቀዳች። የብር ጽዋዋን አልነካችውም። ሲኞር ሩጄሮ ዘንድ ስትደርስ ሽማግሌው ብርጭቋቸውን በእጃቸው ከደኑ። «እቴ» አሉ፤ የእቴነሽን ስም ከዚህ በላይ አይችሉትም። ሳህን ልታነሳ የገባችው እቴነሽ ቀረብ ስትል ወደ ጠርሙሱ ጠቆሙ፤ መዳፋቸውንም ዘረጉ። ሔራን ጠርሙሱን አቀበለቻት። እቴነሽ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ጎንበስ አለች፤ በግራ መዳፏ ጠብ አድርጋ ወደ አፏ ወሰደች። ምላሷ ላይ የመጣው ግን ቅቤም ለውዝም አልነበረም። እርጥብ ካርቶን፣ ዝናብ ያገኘው ጆንያ። በእናቷ ቤት በግራዋ ቅጠል በደንብ ሳይታጠብ ጠጅ የተጣለበት ጋን እንዲህ ይላል፤ እንዲያ ያለው ጠጅ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ይደፋል። ቀና ብላ ልትናገር አፏን ስትከፍት ነው ዳኒኤላ ደርሳ ጠርሙሱን የመነጨቀችው።

«ምን እያደረግሽ ነው? የአባቴን ወይን ትጠጫለሽ? በዚህ እጅሽ?»

ሁሉም የእቴነሽን እጅ አየ። ጣቶቿ ጥቁር ናቸው፤ እነሱው የበሉት ካርቾፊ ያጠቆራቸው። «ፔር ሉዊ» አለች እቴነሽ፣ «ለእሳቸው ነው፣ ሲኞራ፤ ለእሳቸው።» ጣልያንኛዋ ስለ መድኃኒትና ስለ ሾርባ ከሆነ ይበቃታል፤ ሲቆጧት ግን እንደ ተበተነ ጤፍ አልሰበሰብ ይላታል። ዳኒኤላ ወደ ሔራን ዞረች። «አንቺ የአገሯ ልጅ ነሽ፤ እዚያ እንዲህ ያለ ልማድ አለ?»

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «አዎ» ቢሉት ያለቀ ነገር ነው፤ ሳቅ ብለው ምሳቸውን ይቀጥላሉ፤ እንዲያውም «እንዴት ደስ ይላል» የምትልም አትጠፋም። ሔራን አሌክስን አየችው፤ ጠርሙሱን አየችው፤ አክስቷን አላየቻትም። «ኖ» አለች። «እኔ አላውቅም።»

እቴነሽ ወጥ ቤት ገብታ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። የፈረንጅ ስድብ አዲሷ አይደለም፤ የለመደችው ነው፤ ከአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ይህኛው ግን ከገዛ ሥጋዋ ነው የመጣው። በሩ ገርበብ ብሏልና ሁሉም ይሰማታል። «ጠጪ ናት እንዴ? ከአባባ ጋር እኮ ብቻዋን ነው የምትውለው» ትላለች ዳኒኤላ። «እኔስ እጇን ሳይ ነው የዘገነነኝ» ትላለች ያቺ አጨብጫቢ። ከዚያ የአሌክስ ድምፅ፦ «ተውት ይህን። ወይኑን ቅመሱ፤ ይህ ጠርሙስማ ከመጀመሪያውም ይበልጣል።» ሌሎቹም እውነት ነው፣ ይበልጣል አሉ። እቴነሽ ይህን ስትሰማ ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ በኋላ ግን እንባዋ መጣ፤ እንባዋ መምጣቱ ደግሞ የበለጠ አናደዳት።

ሔራን ሳህን ተሸክማ ገባች። በሩን በተረከዟ ዘጋችው።

«እቴቴ፣ ገብተሽ ስኩዚ በያት። ብቻ ይቅርታ። ደብዳቤሽን ትፈርማለች።»

«ለምኑ ነው ስኩዚ?»

«ለሆነው ነገር።»

«የሆነውንማ ታውቂዋለሽ። በሰባት ዓመትሽ የአያትሽን እንግዶች በመዳፍሽ እየቀመስሽ ስታስተናግጂ ነበር፤ መዳፍሽ ትንሽ ናት እያሉ ይስቁብሽ ነበር። ወይኑ ደግሞ ተበላሽቷል። ካላመንሽ አሽትቺው።»

ልጅቱ ከተነሱት ብርጭቆዎች አንዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የተማረችው ትምህርት ውሸት አልነበረም፤ ገና ሳትስበው ፊቷ ተለወጠ። የቀረውን ቀስ ብላ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችና ውሃ ለቀቀችበት። «ሳልቀምሰው መቅዳቴን አሌክስ ካወቀ አበቃልኝ» አለች በሹክሹክታ። «እባክሽ፣ እቴቴ።» እቴነሽ ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ አጠፈችው፤ ካፖርቷን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፤ በጓዳው በር ወጥታ ደረጃውን በእግሯ ወረደች። ሲኞር ሩጄሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚውጡት ኪኒን አላቸው። ያንን ሳታስብ ከዚያ ቤት ስትወጣ በአምስት ዓመት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠች። እሑድ ነው፤ አውቶቡሱ ይዘገያል። የት እንደምትሄድ ስታስብ ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሌላ አልመጣላትም፤ እዚያ ደግሞ ሄዳ ምን ልትል ነው? «ጠጅ ጣይ ያሳደገችኝ ሴት በመጠጥ ተባረርኩ» ልትል? ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዓመት በዓል ከአንድ ብርሌ በላይ ጠጥታ አታውቅም። ስም ማለት ምን እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች ማን ያስረዳቸው። ሰው አገሩን፣ ቤቱን፣ ቋንቋውን ጥሎ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ስሙን ብቻ ነው፤ እሱንም በአንድ የእሑድ ምሳ ላይ ከጠረጴዛው ፍርፋሪ ጋር ጠርገው ሊጥሉት ነው። እንዲህ እያለች ሁለት አውቶቡስ አለፋት። ሦስተኛው ሳይመጣ ሔራን እየሮጠች ደረሰች፤ ጫማዋ ለሩጫ የተሠራ አይደለምና ታነክሳለች። እጇ ላይ ፖስታ አለ። ፈርማልሻለች፣ ይኸው፣ አለቀ፣ አለች እያለከለከች።

እቴነሽ መነጽሯን አውጥታ አነበበች። ጣልያንኛ ስታነብ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነው። ስሟ አለ፤ የተወለደችበት ቀን አለ፤ የቤቱ አድራሻ አለ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ በሥራ ሰዓት አልኮል በመጠጣቷ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት ቢሆንም በዚህ ቤት ተቀጥራ በመሥራት ላይ ትገኛለች። ከሥሩ የዳኒኤላ ፊርማ።

«ምን ብለሻቸው ነው?»

ሔራን መንገዱን አየች። «ይቅርታ ጠይቃለች አልኳቸው። አንዳንዴ ትንሽ ያስቸግራታል አልኩ፣ ብቸኝነት ነው አልኩ። አዘኑልሽ እቴቴ። ያቺን መስመር ማንም አያነባትም፤ እነሱ የሚያዩት ፊርማውን ነው።»

«እኔ አነበብኳት» አለች እቴነሽ። ወረቀቱን እንደ ነበረ አጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው። ብትቀደው ደስ ባላት፤ ግን የሚቀደድ ወረቀት አልነበረም፤ የሚታረም ነበር። ተነሳችና ወደ ቤቱ ተመለሰች። ሔራን ከኋላዋ ተከተለቻት፤ አራቱን ፎቅ በሊፍት ወጡ።

መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ጨዋታው ቆሟል። ኬኩ ተቆርሷል፤ ሻማዎቹ ጠፍተው ቆመዋል። ዳኒኤላ አባቷ ጎን ተንበርክካ በአንድ እጇ ኪኒን፣ በሌላው ውሃ ይዛለች። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ሲኞር ሩጄሮ ከንፈራቸውን ገጥመው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ዳኒኤላ ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ ታስቀምጣለች፤ ይጥሉታል። ታነሳና ታስቀምጣለች፤ ይጥሉታል። «አባባ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው? ንገረኝ፣ ምንድን ነው?» ትላለች፤ ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የፈራ ሰው ሆኗል። ሽማግሌው ዘርግተው ይጠብቃሉ። እቴነሽ ካፖርቷን አላወለቀችም። ወጥ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች፤ መጥታ ብርጭቆውን ከዳኒኤላ ተቀበለች፤ ከውሃው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ብርጭቆውን አቀረበችላቸው። ሲኞር ሩጄሮ አፋቸውን ከፈቱ። ኪኒኑን ዋጡ፤ ውሃውን እስከ ታች ጠጡ።

«ሔራን፣ ተርጉሚ» አለች እቴነሽ በአማርኛ። «እናቴ ጠጅ ቤት ነበራት በያት።» ሔራን በሩ ላይ እንደቆመች ተረጎመች። «በእኛ ቤት ቀድቶ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል፤ የሚጠጣውን ሰው ስለሚያከብር ነው በያት።» ተረጎመች። «አባትዎ ሁለት ዓመት የበሉትም የጠጡትም እንዲህ ነው በያት።» ተረጎመች፤ ዳኒኤላ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ የአባቷን መዳፍ አየች። «ሁለተኛው ጠርሙስ ተበላሽቷል፤ እሳቸው እንዳይጠጡት ልናገር ስል ነው የነጠቁኝ በያት።» እዚህ ላይ ልጅቱ ተንተባተበች፤ ግን ተረጎመች። እንግዶቹ አንድ በአንድ ብርጭቋቸውን አንስተው አሸተቱ። አሌክስ ረጅም ጊዜ አሸተተና ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገው፤ ቅድም ይበልጣል ያሉት ሁሉ አሁን ሳህናቸውን ነው የሚያዩት።

«የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር በያት።»

ይህን ሔራን አልተረጎመችውም። የእንግዶቹ ዓይን ከእቴነሽ ወደ ሔራን ሄደ፤ ምን እንደተባለ ባያውቁም የምትተረጉመው ልጅ ማቆሟን አይተዋል። እቴነሽ አልደገመችውም፤ ወደ ልጅቱም አልዞረችም፤ የሽማግሌውን አፍ በናፕኪን ጠረገች። ሔራን የብር ጽዋዋን በእጇ ጨብጣ ያዘችው። ከዚያ በጣልያንኛ ተናገረች፤ እቴነሽ ያቺን ያህል ጣልያንኛ ትችላለች። «አውቅ ነበር» ነው ያለችው። «እያወቅኩ ነው አላውቅም ያልኩት። ይቅርታም አልጠየቀችም፤ ውሸቴን ነው።»

እቴነሽ ፖስታውን ዳኒኤላ ፊት አስቀመጠችው። ይህን በራሷ ጣልያንኛ ተናገረች፤ አልተበተነባትም። «ሲኞራ፣ ይህን እንደገና ይጻፉት። እውነቱን።» ዳኒኤላ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋን ትጎረጉር ጀመር። እቴነሽ በአምስት ዓመት ውስጥ ያን ጠረጴዛ ሺህ ጊዜ ጠርጋዋለች፤ ተቀምጣበት ግን አታውቅም። ከሲኞር ሩጄሮ ጎን ያለውን የዳኒኤላን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ደብዳቤው እስኪጻፍ ቆማ የምትጠብቅበት ምክንያት አልታያትም። ሽማግሌው የኬካቸውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። በሹካ ጫፍ ቀመሰችና መለሰችላቸው፤ እሳቸውም መብላት ጀመሩ።